የኮምፒውተሮቹ ልብስ

ሙቀቱ እንዴት ነው ዛሬ፣ የምዋይ እናት? ጠጋ በይ እስቲ፤ የደረቅ ዓሣ ቅርጫትሽንም ከእግርሽ ሥር አድርጊው። የዞምባ ሚኒባስ መቼም ካልሞላ አይነሳም... ፊት ወንበር ጋዜጣ ይዘው የተቀመጡ ትልቅ ሰው እንኳ እንደኛው ይጠብቃሉ። እስኪሞላ እንጫወት እንጂ፣ ምን ይደረግ?

እኔማ ወደ ብላንታየር ነኝ፤ የፋትሳኒን ሻንጣ ላመጣ። አዎ፣ ነርስ ልትሆን የሄደችው ልጄ... ገና ሳትለምድ መለሷት። ማንንም አልወቅስም። እንዲያውም የማመሰግናቸው ሰው አሉ፤ ስማቸውን ግን አልጠራም። ምስጋና ሲሰሙ ፊታቸውን በጋዜጣ ይሸፍናሉ አሉ።

ለትምህርት ቤታችን የተሰጡትን ኮምፒውተሮች አይተሻቸው ታውቂያለሽ? እንዴት ታዪያቸዋለሽ፣ ተሸፍነው። ወላጆች ነን የምንታጠቀውን ቺቴንጄ ጨርቃችንን አዋጥተን ያለበስናቸው። ያ ቢጫ አበባ ያለው የኔ ነው፤ እኔ አማቴን አሮጌ ታጥቄ ቀበርኩ፣ ኮምፒውተሩ አዲስ ለበሰ። ስንቱ ትምህርት ቤት በዓመቱ ሰባብሮ ጨረሰ፤ የኛዎቹ ግን ይኸው እሳቸው ጡረታ እስኪወጡ ጭረት የለባቸውም። እንዲህ ያለ ርእሰ መምህር ከየት ይገኛል? ቁልፉን ካንገታቸው አያወጡትም ነበር። ሽንት ቤትም ይዘውት ይገባሉ አሉ... እኔ አላየሁም።

ልጆቹንስ ምን የመሰለ ሥርዓት አስተማሯቸው። ጫማ ከደጅ ይወልቃል፤ እጅ ወደ ኋላ። ከዚያ በሰልፍ ዞሮ አይቶ መውጣት ነው፣ ልክ እንደ አስከሬን ስንብት። ላም አለኝ በሰማይ ይባል የለ? የኛ ላም እዚሁ መሬት ላይ ነበረች፣ ተቆልፎባት... ወተቷን አላየንም እንጂ ልብሷስ ያምር ነበር። ፋትሳኒ በዚያው ትምህርት አንደኛ ወጣችልኝ። የኮምፒውተሩን ማውስ ደብተሯ ላይ ስትስል ጅራቱ ሳይቀር ነው።

ኮሌጅ ሲገቡ ለካ በኮምፒውተር ይፈተናሉ። ልጄ ጫማዋን ከደጅ አወለቀች። ገብታ ተቀመጠች፤ እጇን ወደ ኋላ አደረገች። ሌላው ሁሉ ይነካካል፤ አሳዳጊ የበደለው። የኔዋን ግን ያሳደጓት ሰው አሉ... እስኪፈቀድላት ጠበቀች። ሰዓቱ አልቆ ፈታኙ "ምነው አልጀመርሽም?" ሲላት "መንካት ይቻላል እንዴ?" አለችው። ሳቁባት። ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ ያለው ጫማ የሷ ብቻ ነበር፣ የምዋይ እናት።

እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይላሉ... የሚታቀፈው ካገኘ ነዋ። ተሸፍኖ ከተቀመጠማ ምን ይሆናል? አንቺ ዶሮ አርቢ ነሽ፤ እኔ ምን አውቃለሁ።

ይኸው ሾፌሩ ገባ። መርቄያቸው ዝም ልበል። ዕድሜያቸውን እንደነዚያ ኮምፒውተሮች ያቆይልን። አቧራ አይንካቸው። ቀናቸው ሲደርስም የገነት በር ወለል ብሎ ይከፈትላቸው... ጫማቸውን ከደጅ አውልቀው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው፣ ያንን ሁሉ በረከት በሰልፍ እየዞሩ ለዘላለም ይዩ።

አሜን በይ እንጂ፣ የምዋይ እናት። ፊት ወንበር ያሉትም አሜን ይበሉ።