ስሙን ስለማልጠራው አማቼና ስለፈላው ራዲያተር

የኬርን ስፕሪንግስ ፖሊስ ጣቢያ፣ ኖርዘርን ቴሪቶሪ፣ አውስትራሊያ

የምስክር ስም፦ ኖሪን ዲክሰን
ዕድሜ፦ 54
አድራሻ፦ ዊልጋ ክሪክ መንደር
ሥራ፦ የአረጋውያን ምሳ አብሳይ
የትምህርት ደረጃ፦ 6ኛ ክፍል
ከተጠርጣሪው ጋር ያላት ዝምድና፦ የሚስቱ እናት
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 27 ቀን 2019፣ ከቀኑ 10 ሰዓት
ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን ፖል ሄርን

ማስታወሻ፦ ምስክሯ የተጠርጣሪውንም ሆነ በሞት የተለያትን ባለቤቷን ስም ለመጥራት ፈቃደኛ ስላልሆነች በቃሏ ውስጥ «አማቼ» እና «ሟቹ» ተብለው ተመዝግበዋል። ተጠርጣሪው በሚታይበት መስኮት በኩል መቀመጥ ስላልፈለገች ወንበሯ ዞሮላታል።

አማቼ ልጄን ታኒሻን በፈላ ውሃ አቃጥሏታል ተብሎ መታሰሩ ተነግሮኝ የማውቀውን እንድናገር ስለተጠየቅኩ ቃሌን እሰጣለሁ። አላቃጠላትም። ይህ ከሁሉ በፊት ይጻፍልኝ ብያለሁ፤ እኔ ወሬ ከጀመርኩ ስለምረዝም ሳጅኑ ሳይሰለቹ ዋናው ነገር ወረቀት ላይ ይግባ ብዬ ነው።

ታኒሻ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ስለሆነችና የሆስፒታል ቀጠሮ ስለነበራት ዛሬ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ ከዊልጋ ክሪክ ተነሳን። የመንደሩ አውቶቡስ ስለቀረ በአማቼ አሮጌ ስቴሽን ዋገን መኪና መሄድ ግድ ሆነብን። እኔና እሱ በአንድ መኪና የምንሄድ ሰዎች አይደለንም። በእኛ በአገሩ ነባር ሕዝብ ዘንድ አማትና አማች አይነጋገሩም፣ ፊት ለፊት አይተያዩም፣ ስም አይጠራሩም። ተኳርፈን አይደለም፤ ክብር ነው። ስለዚህ ታኒሻ ከፊት ወንበሩ ጀርባ ብርድ ልብስ ሰቀለችና እነሱ ከፊት፣ እኔና ሳጅን ከኋላ ሆነን ተጓዝን። ሳጅን ውሻችን ነው። ስሙ የወጣለት እኚህ ሳጅን ወደዚህ ከመዛወራቸው በፊት መሆኑም ይመዝገብልኝ።

ያ መኪና ከክረምት ጀምሮ ውሃ ይበላል። አማቼ በየጠዋቱ ራዲያተሩን ይሞላል፣ ከሥር ተንጋሎ ያያል፣ አንድም ጠብታ የለም። በመንገድ ላይ ሳለን ከብርድ ልብሱ ጀርባ ጣፈጥ ጣፈጥ የሚል ሽታ መጣብኝ። ይህን የራዲያተር ውሃ ሽታ አውቀዋለሁ፤ ሟቹ፣ የሞተ ሰው ስምም እኛ ዘንድ አይጠራምና፣ ዕድሜውን ሙሉ የከብት እርባታ መኪና ሲጠግን የኖረ ሰው ነው፣ መሣሪያ አቀባዩ ደግሞ እኔ ነበርኩ። «ታኒሻ፣ ለሰውየሽ ንገሪው። ውሃው እየወጣ ነው» አልኳት።

«እማ ውሃው እየወጣ ነው ትላለች።»

«የሙቀት መለኪያው መርፌ ገና መሃል ላይ ነው በያት።»

«መርፌው መሃል ላይ ነው ይላል።»

«መርፌው ውሃ ካላገኘው ምኑን ይለካል? ይቁም በይው።»

«ወይ ጉዴ! ስልክ አድርጋችሁኝ ቀራችሁ እኮ። ካርድ ሙሉልኛ!» ብላ ሳቀች። ሳቋን ሳትጨርስ መርፌው ቀዩ ላይ ዘለለ፤ እንፋሎቱም ከኮፋኖው ሥር ወጣ። ከደረቁ ወንዝ ወዲህ ባለው ቁልቁለት ግርጌ ቆምን።

አማቼ ወርዶ ኮፋኖውን ከፈተ። እኔ ወደ መኪናው ኋላ ሄጄ ጀርባዬን ሰጠሁ። ትንሽ ቆይቼ በጎን ሰረቅ አድርጌ ሳይ፣ ሸሚዙን አውልቆ እጁ ላይ ጠምጥሞ የራዲያተሩን ክዳን ይዟል። የላይኛው ማኒኮቶ፣ ያ ከራዲያተሩ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ወፍራም የጎማ ቱቦ፣ ተነፍቶ እንደ እንጨት ደርቋል። ማኒኮቶ እንደዚያ ሲሆን ውስጡ እየፈላ ነውና ክዳኑ አይነካም።

መርማሪው «ለምን ለራሱ ጮኸሽ አልነገርሽውም?» ብለው ጠይቀውኛል። አፌ አልታዘዘኝም። ሠላሳ ዓመት ብኖር ለእሱ የማልከፍተው አፍ ነው። የጮኽኩት ለታኒሻ ነው፤ «ንገሪው! ይተወው! አልበረደም!» ብዬ። ታኒሻ ግን ነገሩን ለማድረስ ጊዜ እንደሌለ ገብቷት በቃል ፈንታ እጇን ላከች። እጁን ልትገፋ ስትደርስ ክዳኑ ግማሽ ዞሯል። ፈነዳ። ውሃው ክንዷን ከክርኗ እስከ መዳፏ አገኛት፤ እሱንም አግኝቶታል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው ካራቫን፣ መኪና የሚጎትተው ቤት፣ ይዘው የሚጓዙ አንድ ሽማግሌና ባለቤታቸው ከቁልቁለቱ አናት ሆነው ያዩት። አንድ ደረቱ የተራቆተ ሰው የምትጮህ ነፍሰ ጡር ሴት ወገቧን ይዞ ሲጎትት፣ መሬት ሲያስቀምጣት፣ በጀሪካን ውሃ ሲያፈስባት አይተዋል። አይናቸው አልዋሸም። ጀሪካኑ ውስጥ የነበረው ግን የምንጠጣው ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ቃጠሎ ላይ ረጅም ጊዜ ቀዝቃዛ ውሃ እንደሚፈስ መንደራችን ክሊኒክ ውስጥ ተምሯል። ሌላ ውሃ እንደሌለን እያወቀ ሳይሰስት አፈሰሰባት። እየጮኸ የነበረውም «አትነሺ! አትነሺ አልኩሽ!» እያለ ነው።

ሽማግሌው ደርሰው እኔን «እሱ ነው ይህን ያደረሰባት?» ብለው ጠየቁኝ። አማቼ ሁለት እርምጃ አጠገባችን ቆሟል። እሱ እየሰማ ስለ እሱ መናገር አልችልም፤ አቀርቅሬ ዝም አልኩ። እሱም እኔ እዚያ ስላለሁ ዝም አለ። ታኒሻ ጥርሷን ነክሳ ከመንቀጥቀጥ በቀር ቃል አልወጣትም። ሽማግሌው ዝምታዬን ፍርሃት አድርገው ወሰዱት። አልቀየማቸውም፤ ልጄን አሳፍረው በፍጥነት ሆስፒታል ያደረሱልኝ እሳቸው ናቸው። እኔን ግን ቦታ ስላልነበራቸው ትተውኝ ሄዱ፤ «ፖሊስ እንልክልሻለን» ብለው።

እንግዲህ እኔና አማቼ ያለ ታኒሻ ቀረን። ጀሪካኑ ውስጥ የቀረው ሩብ ያህል ብቻ ነው። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። እሱ የመኪናውን ጥላ ለእኔ ትቶ ራቅ ብሎ ፀሐይ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ። ልጄ ሆስፒታል ብቻዋን ናት፤ ቁጭ ብዬ ፖሊስ መጠበቅ አልቻልኩም።

ሞተሩ ሲበርድ ሄጄ ቀዳዳውን ፈለግኩ። ሟቹ «የሚንጠባጠብበትን አትመኚው፣ ወደ ላይ ተከተይው» ይለኝ ነበር። የእኛ አቧራ ቀይ ስለሆነ ሞተሩን ሁሉ አልብሶታል፤ ውሃ የነካው ቦታ ብቻ ጭቃ ሆኗል። ጭቃውን በጣቴ ተከትዬ ማኒኮቶው ሞተሩን የሚይዝበት ጫፍ ደረስኩ። ቱቦውን ጨመቅ ሳደርገው ከፋሸታው ሥር፣ ከሚያጠብቀው የብረት ቀለበት ማለቴ ነው፣ እንደ ከንፈር የተከፈተ ስንጥቅ አየሁ። ሲቀዘቅዝ ይገጥማል፣ ሲሞቅ ይከፈታል። ለዚህ ነው ጠዋት ጠዋት ጠብታ ያላገኘው።

የተሰነጠቀው ጫፍ ተቆርጦ ማኒኮቶው ተስቦ መልሶ ሊገባ ይችላል። መቁረጫ ግን የለኝም። ጮክ ብዬ «ሳጅን፣ ቢላዋና ካቻቢቴ ያለው ሰው ቢኖር እንዴት ጥሩ ነበር» አልኩት ለውሻው። ሳጅን ጅራቱን ቆላ። አማቼ ፊቱን እንዳዞረ በጎን ተራምዶ መጣና ሁለቱን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ተመለሰ። ቆረጥኩ፣ አስገባሁ፣ አጠበቅኩ።

«ሳጅን፣ አሁን ጀሪካኑ ውስጥ የቀረው ውሃ ራዲያተሩ ላይ ቀስ ተብሎ ይሞላ።»

ሞላው፤ እኔ ዞር ብዬ።

«ሳጅን፣ ክዳኑ ጥብቅ ይበል ወይስ ላላ?» አለ እሱ ደግሞ።

«ሳጅን፣ የመጀመሪያው ጥርስ ላይ ይቁም፤ ግፊት እንዳይበዛ። የመኪናው ማሞቂያም እስከ መጨረሻው ይከፈት፤ ሙቀቱን ከሞተሩ ይስብለታል።»

በዚያ ሐሩር ማሞቂያ ከፍተን፣ ሳጅን ከፊት እኔ ከብርድ ልብሱ ጀርባ፣ ተቀቅለን ተጓዝን። ብዙ ከሄድን በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሳጅን፣ ታኒሻ ትድናለች? ልጁስ?» ሲል ሰማሁት። እኔም «ሳጅን፣ ቶሎ ውሃ ያፈሰሰላት ሰው ስለነበረ ይድናሉ» አልኩት። ከተማው መግቢያ ስንደርስ ፖሊሶች አስቁመው ወሰዱት። ሲጠየቅ አሁንም እኔ ስላለሁ አልመለሰም።

ለዚህ ማስረጃ ካስፈለገ ሸሚዙን ገልጣችሁ እዩት። የፈላው ውሃ እሱንም አግኝቶታል። ስንመጣ ሸሚዙን መልሶ ለብሶ ነበር፤ ሲነዳ ግን ወደ መሪው አጎንብሶ ጨርቁ ደረቱን እንዳይነካው በእጁ ያርቅ ነበር፤ በብርድ ልብሱ ቀዳዳ አይቻለሁ። ማየቴ ነውር ነው፤ ግን አይቻለሁ። ሰው ላይ የፈላ ውሃ የሚደፋ ሰው መጀመሪያ የራሱን ደረት አያቃጥልም።

አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ ተቆርጦ የገባ ማኒኮቶ አንድ ጊዜ ሞቆ ሲበርድ ፋሸታው ይላላል። ዳግም ካልጠበቀ ወደ ቤት ስንመለስ ያው ቦታ ላይ እንቆማለን። ይህን ልነግረው አልችልም። ታኒሻ ሆስፒታል ናት፣ ውሻውን ደግሞ ጣቢያ አናስገባም ብላችሁ በር ላይ አስራችሁታል። ስለዚህ ሳጅኑ እባክዎ እርስዎ ይንገሩልኝ።

ቃሌ በሳጅን ሄርን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቦልኛል። «ፈርታ ዝም አለች» የሚለውን አሰርዤ «ዝም አለች» ብቻ እንዲባል አድርጌያለሁ። የቀረው ሁሉ ያየሁትና የሰማሁት እውነት ስለሆነ በፊርማዬ አጸናለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ኖሪን ዲክሰን
የመርማሪ ፊርማ፦ ሳጅን ፖል ሄርን

ተጨማሪ የመርማሪው ማስታወሻ፦ የተጠርጣሪው ሸሚዝ ሲገለጥ ከደረቱ እስከ ቀኝ ክንዱ ለማንም ያልተናገረው ቃጠሎ ተገኝቶ ነርስ መጥታ አክማዋለች። ታኒሻ ዲክሰን ከሆስፒታል በስልክ የሰጠችው ቃል ከእናቷ ቃል ጋር ይስማማል፤ ፅንሱ ደህና መሆኑም ተገልጿል። ተጠርጣሪው ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ተለቋል። የምስክሯ መልእክት ሲደርሰው «የትኛው ፋሸታ? በራዲያተሩ በኩል ነው በሞተሩ?» ብሎ ስለጠየቀ፣ ወደ ምስክሯ ክፍል ተመልሼ ጠይቄ «በሞተሩ በኩል» የሚለውን መልስ አድርሻለሁ። «ሰምቻለሁ በላት» ብሏል፤ ይህንንም አድርሻለሁ። በኤግዚቢትነት ተይዞ የነበረው ካቻቢቴ ተመልሶለታል።