ሙሽሪት ጋ ሲደርስ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ስወርድ፣ ከኋላዬ የተቀመጠች ወጣት አጠገቧ ላሉት አሮጊት ስታወራ ሰማሁ።

«የእህቴን ሰርግ ዲቪዲ ሐርቡ ላሉት አባቴ እየወሰድኩ ነው። ዓይናቸው ስለማያይ፣ የሚታየውን በድምፄ እየነገርኩ ቀድቼበታለሁ።»

«እገሌ መጣ፣ እገሊት በላች ብቻ ካልሽማ ያንቀላፋሉ።»

«ኧረ እማማ፣ አጎቴ ሲጨፍር ጫማው መውለቁን ሳይቀር ተናግሬያለሁ!»

«ማሻአላህ! ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል?»

«የሙሽሪት ፊት ሲመጣ ዝም ብያለሁ። አንዴም አልሳቀችም። ባሏን የመረጡላት ደግሞ አባቴ ናቸው።»

«ያቺን ዝምታ ነው ቀድመው የሚሰሟት፣ ልጄ።»

«ወላሂ፣ እሱን ነው የፈራሁት። ‹ስቃለች ወይ?› ቢሉኝ ምን እላለሁ?»



ኮምቦልቻ ወርደን ወጣቷ የሐርቡን ታክሲ እስክትሳፈር ድረስ ዓይኔን ከእሷ ላይ መንቀል አቃተኝ።