የመምህርት ሠርክአዲስ የቀርከሃ ሳጥን

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ የአገር ሽማግሌዎች፣ እናቶች፣ ከማንኩሳና ከቡሬ ድረስ የመጣችሁ ባልደረቦቻችን፣ ልጆችም፤ እግዚአብሔር ሁላችንንም ያጽናን። ወንዳወቅ እባላለሁ። ከመምህርት ሠርክአዲስ ጋር በአንድ ትምህርት ቤት፣ ግድግዳ ተጋርተን አሥራ አራት ዓመት አስተምረናል። ላጽናናችሁ አልቆምኩም። ተቆጥቼ ነው የቆምኩት፤ ይቅር በሉኝ።

ትናንት አስከሬኗ ገና ከፍኖተ ሰላም ሳይደርስ፣ የትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ሲጸዳ አንድ ሰው ሳጥኗን አነሣና «ይሄ ቀርከሃ ለማገዶ ይሁን» አለ። ማገዶ አለው።

ሳጥኑን የማታውቁት ካላችሁ ልንገራችሁ። ውስጡ ያለውን፣ ከሰከላ በኩል ያስመጣችውን ቀርከሃ በገዛ እጇ ሰንጥቃ፣ ክፍልፋይ ልታስተምርበት ለክታ ቆርጣዋለች። ሙሉው ክንድ ያህላል። ከእሱ ግማሽ አለ፣ ሲሶ አለ፣ እርቦ አለ፤ አምስተኛ፣ ስድስተኛ እያለ ይወርዳል። እኔ ምን ብዬ እጠራት ነበር? «አናጢዋ»። መምህራን በተሰበሰቡበት። እሷስ ምን ትለኝ ነበር? «ወንዳወቅ፣ ከምትስቅ መጋዝህን አምጣና አግዘኝ።» አላገዝኳትም።

አንድ ቀን በመስኮት አየኋት። አምስተኛ ክፍል ነው። አሸናፊ የሚባል ተማሪዋ ሰሌዳው ላይ ግማሽና ሲሶን ደመረ። የላዩን ከላዩ፣ የታቹን ከታቹ ደምሮ ሁለት አምስተኛ ብሎ ጻፈ። ይህን የሚሳሳት አሸናፊ ብቻ ነው? የእኔም ተማሪዎች በየዓመቱ ይሳሳቱታል። እኔ ኤክስ አድርጌ አልፋለሁ። እሷ አላለፈችም። ግማሹን ቀርከሃ ጠረጴዛ ላይ አስተኛች፣ ሲሶውን ቀጠለችበት። ከጎናቸው ሁለት አምስተኛዎችን ደረደረች።

«አሹ፣ ግማሽ ነበረህ። ሲሶ ጨመርኩልህ። ታዲያ እንዴት ከነበረህ አነሰ?»

ልጁ ራሱ ስድስተኛዎቹን አነሣ። ከግማሹ ሥር ሦስት፣ ከሲሶው ሥር ሁለት ደረደረ። «አምስት ናቸው መምህርት። አምስት ስድስተኛ።» እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜ አፈርኩ።

ከዚያ ተቆጣጣሪ መጣ። ክፍለ ጊዜ በጨዋታ ታባክናለች ተብሎ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈባት። ምን አደረገች መሰላችሁ? ክፍል ይዛው ገባች። ልጆቹ ፊት ለሁለት አጠፈችው። ለአራት አጠፈችው። ለስምንት አጠፈችው። «በሉ፣ ሩብና አንድ ስምንተኛ ስንት ነው?» ደብዳቤው ዛሬም ሳጥኑ ውስጥ አለ። እጥፋቱ ላይ በልጅ እጅ፣ በእርሳስ፣ ሦስት ስምንተኛ ተብሎ ተጽፎበታል።

አቶ ገነነ፣ እዚያ ጋ ነዎት። የመስኖው የውኃ አባት እርስዎ ነዎት፤ ይመስክሩልኝ። አምና ተራው ሲደለደል ለላይኞቹ የቀኑ ግማሽ፣ ለመካከለኞቹ ሲሶው ተሰጠ። «አለቀ፣ ለታች የሚተርፍ የለም» ተባለ። ታች ያሉት እትዬ ሀብትነሽ ናቸው፤ ባል የላቸው፣ ተከራካሪ የላቸው፣ ድንቹ ቆሞ ደረቀባቸው። አቤቱታቸው ሽማግሌ ፊት በቀረበ ቀን የእርስዎ ልጅ አደይ ከመምህርቷ የተዋሰችውን ቀርከሃ ይዛ ሽማግሌዎቹ መሐል ገባች። መሬት ላይ ዘረጋችው።

«አባባ፣ ሙሉው ቀኑ ነው። ግማሹ ስድስት ሰዓት። ሲሶው አራት ሰዓት። ይቺ ግን ትተርፋለች።»

ስድስተኛዋን ነበር የያዘችው። ሁለት ሰዓት ውኃ። አንዱ «ልጅ አታስገቡ» አለ። እርስዎ ግን ቀርከሃውን ተቀብለው ለኩ፣ ደግመው ለኩ። «ልጅቱ ልክ ናት። ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት የሀብትነሽ ነው» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ውኃው ታች ይደርሳል።

ይሄ ነው ማገዶ የሚሆነው? የሰው እርሻ ያጠጣ እንጨት ነው ምድጃ የሚገባው?

አልሰጥም። ሳጥኑ እኔ ቤት ነው። ሰኞ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ አምስተኛ ክፍል ይዤው እገባለሁ። ደብዳቤ የሚጽፍ ይጻፍ። እንዴት እንደሚታጠፍ አይቻለሁ።

እህቴ ሠርክአዲስ፣ ዛሬ ጠዋት ቀርከሃዎችሽን አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ስድስተኛዎቹ ስድስት መሆን ሲገባቸው አምስት ብቻ ናቸው። ስጠይቅ፣ ለካ እትዬ ሀብትነሽ አንዷን ቦዩ አፍ ላይ ተክለዋታል፤ ተራዬን ማንም እንዳይነካብኝ ብለው። ከዚያ አልነቅላትም። ከዚህ ስመለስ በምትኳ አዲስ እቆርጣለሁ። አሥራ አራት ዓመት የለመንሽኝን መጋዝ ይኸው ዛሬ አውጥቼዋለሁ። ዘገየሁብሽ።

ደኅና ሁኚ፣ አናጢዋ።