አያዞረውም በለው

ለጉዞ ጤናቸው የሚመረመር ስደተኞች በሚመጡበት ክሊኒክ አስተርጓሚ ነኝ፣ ኪሊማኒ የሚባል ሰፈር። ባለፈው ጋሽ ታደሰ የሚባሉ ሰው ገቡ። ካናዳ ለመግባት የቀራቸው ይሄ ምርመራ ብቻ ነው። ዶክተሩ፣ «ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነሱ ያዞርዎታል?» ብሎ ጠየቀ። ተረጎምኩላቸው። ጋሽ ታደሰ ዶክተሩን በፈገግታ እያዩ ለእኔ በአማርኛ፣ «በጣም ያዞረኛል ልጄ። ዛሬም ከአልጋ ስነሳ ወድቄ ነው የመጣሁት። ታሟል ካሉ ጉዞዬን ያቆሙብኛል፤ አንተ አያዞረውም በለው» አሉኝ።

እኔ የተቀጠርኩት የሰማሁትን ልናገር ነው። ደሞ ከኮፍያቸው ሥር ሲወድቁ ያበጠውን ግንባራቸውን አይቼዋለሁ። ሁሉንም ለዶክተሩ ነገርኩት፤ «አያዞረውም በለው» ያሉትን ጭምር። ዶክተሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ውኃ ማነስ ሊሆን ይችላል፤ ሲነሱ የደም ግፊት ወርዶም ይሆናል፤ የጆሮ ችግርም ያዞራል። የሚጥላቸው ከሆነ ግን ልባቸውን ሳላይ አልፈርምም» አለ። ስተረጉምላቸው የጋሽ ታደሰ ፈገግታ ጠፋ። «ጾም ጸሎት ይዤ ነው በለው» አሉኝ። እሱንም ተረጎምኩ። ልባቸው ሲመረመር መሃል መሃል ላይ ምቱ ቀጥ ይል ነበር። ጉዟቸው ላልተወሰነ ጊዜ ተራዘመ።

ውጭ ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ ታክሲ ስንጠብቅ፣ «ጋሼ፣ አውሮፕላን ላይ ቢወድቁስ ኖሮ?» አልኳቸው።

«ታምሜ እሄድ ነበር» አሉ፣ ሳያዩኝ። «አሁን ታምሜ ቀረሁ።»

ማታቱው መጣ። ቀድመውኝ ገብተው ተቀመጡና፣ ቦርሳቸውን አጠገባቸው ባለው ባዶ ወንበር ላይ አስቀመጡ።