የአባዬ የስብከት ደብተሮች

አባዬ የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ቄስና የነገረ መለኮት ሴሚናሪ መምህር ነበር። ከሞተ በኋላ አንድ ሰውዬ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለው ቤታችን መጥቶ፣ "የስብከት ደብተሮቻቸውን ቤተ መዛግብት ውስጥ ላስቀምጣቸው" አለኝ። ለአሮጌ ወረቀት ብሎ ከኮምቦልቻ እኛ ድረስ ያን ሁሉ ዳገት የሚወጣ ማን አለ? የቤታችንን ካርታ ፈልጎ ነው ብዬ፣ "ተቃጥለዋል" አልኩና ሸኘሁት። ደብተሮቹ ያሉበትን ሳጥንም ተሸክሜ ሰኞ ገበያ፣ ቅመም የምትሸጠው እትዬ ዘሀራ ጋ አስቀመጥኩ። ምን እንዳለበት አልነገርኳትም፤ እሷንም አላመንኳትማ!

በሳምንቱ ሰውዬው ተመለሰ። ጥቁር አዝሙድ የሚሸት፣ የተጨማደደ ወረቀት ዘረጋልኝ። "ሰኞ ገበያ ቅመም ስገዛ በዚህ ጠቀለሉልኝ። ተማሪያቸው ነበርኩ፤ የእጅ ጽሑፋቸውን አውቀዋለሁ" አለኝ። እየሮጥኩ ሄድኩ። እትዬ ዘሀራ ባዶውን ሳጥን እያቀበለችኝ፣ "ወላሂ፣ ወረቀትህ ጠንካራ ነበር፤ ሌላ ካለህ አምጣልኝ" አለችኝ።