ማዳምን ያከመው ሮቦት

በሰው አገር፣ ከወደብ ከተማዋ ዳርቻ ከባልባላ ወደ መሀል ከተማ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ሰው ቤት የሚሠሩ ሁለት ያገሬ ልጆች ከፊቴ ተቀምጠዋል። አማርኛ የሚሰማ ሰው ያለ ስላልመሰላቸው ድምፃቸውን አልቀነሱም።

«ማዳምሽ ከፓሪስ ተመለሰች?»

«ተመለሰች። የማህፀን ካንሰሯን ሮቦት ነው ያወጣላት።»

«ሮቦት? ሐኪሙስ?»

«ሐኪሙማ ጥግ ላይ ተቀምጦ እንደ ጌም ነው የሚያንቀሳቅሰው አሉ። ጠባሳዋን አሳይታኛለች፤ የወባ ትንኝ የነከሳት ነው የሚመስለው።»

«እሰይ፣ እንኳን ተረፈች!»

«ከባድ ነገር እንዳታነሳ ተብላለች። የሻይ ብርጭቆዋን እንኳን አፏ ድረስ የማደርስላት እኔ ነኝ።»

«ታድላ! ያንቺስ ያ የሚፈስሽ ደም ቆመ?»

«የት ይቆማል!»

«አልነገርሻትም?»

«ነገርኳት እንጂ። በጣም አዘነችልኝ። ጥቁር ፎጣ ሰጠችኝ።»

«አይ ደግነት!»

«ምን እሱ ብቻ! ደሙ እንዳይነካባት ብላ የሳሎኑን ምንጣፍ በገዛ እጇ ጠቅልላ አነሳችው።»

«ከባድ አታንሺ ተብላ?»

«ለኔ ስትል!»

«እኔ የምልሽ፣ ሐኪም አያይሽም?»

«ያየኛል እንጂ። ነገ እሷን ሊያይ ቤት ይመጣል፤ በሩን የምከፍትለት እኔ ነኝ።»

መውረጃዬን ማለፌን ያወቅኩት ወደቡ ጋ ስንደርስ ነው።