የእድሩ ሲም

ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ በአንድ የእድር አዳራሽ፤ ጠቅላላ ጉባኤው ሊጀመር ሲል፣ ከሃያ ቀን በፊት እናቷን የቀበረችው ውድነሽ የእድሩን ወጣት ጸሐፊ አምባዬን ጠረጴዛው አጠገብ አስቁማዋለች።

ውድነሽ፦ ያንተ ሪፖርት «የቀብሩ መልእክት ለሁለት መቶ አሥራ አራቱም የጥቅሉ አባላት ደርሷል» ይላል። ለቅሶ ሊደርሰኝ የመጣው ሰው ሁሉ ደግሞ «ውዴ፣ በማርያም አልሰማሁም» ይላል። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ዋሽታችኋል። ማን ነው?

አምባዬ፦ እትዬ ውድነሽ፣ ሰው እየገባ ነው። ከስብሰባው በኋላ ቁጭ ብለን እንነጋገር።

ውድነሽ፦ ከስብሰባው በኋላማ አንብበኸዋል። ካነበብከው በኋላ ምን እንነጋገራለን?

አምባዬ፦ ሪፖርት እኮ ነው፤ የሆነውን ነው የጻፍኩት። ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሬን አንኳኩተው ነገሩኝ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ልኬዋለሁ። «እማማ አትጠገብ አርፈዋል፤ ቀብራቸው ዛሬ ስድስት ሰዓት ነው።» ይኸው የእድሩ ስልክ፣ ራስዎ ይመልከቱት።

ውድነሽ፦ አይቼዋለሁ፤ አጻጻፍህ ያምራል። ቀብሩ ላይ ስንት ሰው ነበር?

አምባዬ፦ ጥቂት እንደነበር ሰምቻለሁ።

ውድነሽ፦ ስላልነበርክ ልንገርህ። ቄሶቹን ሳልቆጥር አሥራ ዘጠኝ። ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤቶችና ዘመድ። ሬሳውን ከመኪና ያወረዱት መንገድ ሲያነጥፉ የነበሩ ሁለት የኮብልስቶን ሠራተኞች ናቸው፣ መዶሻቸውን ጥለው። ስማቸውን እንኳ አላውቅም።

አምባዬ፦ አዝኛለሁ። ግን መምህር ነኝ፣ የዚያን ቀን ሰባ ተማሪ ፈተና ላይ ተቀምጧል፤ ጥዬ መምጣት…

ውድነሽ፦ ስላንተ አልጠየቅሁህም። «ደርሷል» ብለህ ስታነብ ምን ማለት እንደሆነ ገብቶሃል? ሰፈሩ እያወቀ ቀረ ማለት ነው። እናቴ አርባ ዓመት ሰው ስትቀብር ኖራ፣ የራሷ ቀን ሲደርስ የሚቀብራት ጠፋ ማለት ነው።

አምባዬ፦ እንደሱ አልጻፍኩም!

ውድነሽ፦ እንደሱ ነው የሚሰማው።

አምባዬ፦ እሺ፣ እንግዲህ እኔም ልናገር። ከሁለት መቶ አሥራ አምስት አባል የእድሩን ሲም ያልወሰዱት እርስዎ ብቻ ነዎት። የስልክ ኩባንያው ንስር የቡድን ጥቅል ሰጠን፤ በአባላት መካከል መደወል በነጻ፣ በወር አምስት መቶ መልእክት በነጻ። ሦስት ጊዜ ቤትዎ መጣሁ። ሦስቱንም ጊዜ «አድማስ ይሻለኛል» ብለው መለሱኝ።

ውድነሽ፦ ወንድሜ ያለበት እርሻ ላይ የሚይዘው አድማስ ብቻ ነው። ስልኬ ደግሞ አንድ ሲም ብቻ ነው የሚጎርሰው። ላንተ ጥቅል ብዬ ወንድሜን ልዝጋው?

አምባዬ፦ ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ በየሱቁ ሞልቷል።

ውድነሽ፦ ግዛልኛ!

አምባዬ፦ ቁም ነገር ነው የማወራው። አባላት ሰዓቱን የሚያጣሩበት ከቤተሰቡ አንድ ቁጥር ጥቅሉ ውስጥ አልነበረም። ሪፖርቱ ላይ ያስገባሁትም ይህንኑ ነው።

ውድነሽ፦ እሱንም አይቼዋለሁ። «ቤተሰቡ ከቡድኑ ውጭ በመሆኑ» ይላል። ማጣራት የፈለገ ሰው እግር የለውም? ቤታችን የት እንደሆነ የማያውቅ አለ?

አምባዬ፦ እግር ካነሱ አይቀር፣ ባለፈው ዓመት ይህ እድር አሥራ አንድ ሰው ቀብሯል። እርስዎ ስንቱ ላይ ተገኙ?

ውድነሽ፦ አንዱም ላይ።

አምባዬ፦ አንዱም ላይ! ታዲያ ሰው ቅር ብሎት ቢቀርስ? ሁሉንም በእኔና በስልኩ ላይ ከማሳበብ…

ውድነሽ፦ በል፣ ጨርሰው።

አምባዬ፦ ይቅርታ። እዚያ ድረስ መሄድ አልነበረብኝም።

ውድነሽ፦ ጨርሰው እንጂ! ሃያ ቀን እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው። አሥራ አራት ወር እናቴን አልጋ ላይ ሳገላብጣት ከደጃፍ አልወጣሁም። ሰው አውቆ ከቀረ በእኔ የተነሳ ነው የቀረው፤ በእኔ የያዙትን ቂም በሷ ላይ ተወጡት ማለት ነው። ይህን ሳላውቅ ልኖር አልችልም። ስለዚህ ሄጄ ጠየቅኋቸው።

አምባዬ፦ ማንን?

ውድነሽ፦ ሰፈሩን፣ በየበሩ። አርባ ሦስት ቤት ገባሁ። «ለምን ቀራችሁ?» አላልኩም። «የእድሩን ሲም እስቲ አሳዩኝ» ነው ያልኩት።

አምባዬ፦ ለምን ሲሙን?

ውድነሽ፦ ጋሽ ደምሰው ለሩብ ሰዓት ፈልገው ከስኳር ጣሳ ውስጥ አወጡት። እትዬ ጥሩአየር ዳዊታቸው ውስጥ ነው ያስቀመጡት፤ ያቆሙበት ገጽ እንዳይጠፋባቸው። ልብስ ሰፊው ከነፕላስቲኩ መስታወቱ ጠርዝ ላይ ሰክቶታል። «ቀለሙ ያምራል» አለኝ።

አምባዬ፦ ይቀልዳሉ።

ውድነሽ፦ ለቀልድ የሚሆን ነገር የለኝም። ከአርባ ሦስቱ ቤት ሲሙ ስልክ ውስጥ ገብቶ ያየሁት ሁለት ቤት ብቻ ነው። የአንደኛው ባለቤት ጆሯቸው አይሰማም።

አምባዬ፦ ሁሉም ፈርመው ነው እኮ የወሰዱት! በየቤቱ ዞሬ፣ አስረድቼ፣ «ተባረክ» ብለውኝ…

ውድነሽ፦ «የአቶ ገብረየስ ልጅ፣ የተማረ ልጅ፣ ለሰፈሩ ሲለፋ እንዴት እምቢ ይባላል?» ነው ያሉኝ። ይሉኝታ ይዟቸው ተቀበሉህ፤ አንተ ስትወጣ አስቀመጡት። እያንዳንዱ ደግሞ ያላስገባው እሱ ብቻ ይመስለዋል። እፍረታቸውን ብታይ! እትዬ ጥሩአየር «ለአምባዬ እንዳትነግሪው» ብለው እጄን ያዙኝ።

አምባዬ፦ ታዲያ እነሱ ባያስገቡት ጥፋቱ የእኔ ነው?

ውድነሽ፦ ጡሩምባው ሲነፋ ነፊው ሰው መስኮት ሲከፍት ያያል። ያልከፈተ ካለ በሩ ላይ ቆሞ ይደግመዋል። አንተ ማን መስኮት ሲከፍት አየህ? «ላክ» የሚለውን ተጫንክ፣ ወደ ፈተናህ ሄድክ።

አምባዬ፦ እስካለፈው ቀብር ድረስ ጡሩምባውም ይነፋ ነበር፤ ያስቀረው ጉባኤው ነው። ነፊው ሽማግሌ ይህን ዳገት መውጣት አቅቷቸው ሁለት ጊዜ ወድቀዋል፤ እርስዎም ያውቃሉ።

ውድነሽ፦ አውቃለሁ፣ እሱን አልኮነንኩም። ያንተን «ደርሷል» ነው የያዝኩት።

አምባዬ፦ አርባ ሦስት ቤት መላውን አባል አይወክልም። እርስዎ የሄዱት በሚያውቋቸው ቤቶች ይሆናል፤ በዕድሜ የገፉ፣ ከስልክ ጋር የማይስማሙ…

ውድነሽ፦ ደግሞ ፈተና ልታርም ነው? በል፣ የእድሩን ስልክ አንሳና ለሊቀመንበሩ ደውል።

አምባዬ፦ ጋሽ ዘውገ እኮ እዚያ በሩ ላይ ቆመው ከንስር ሰዎች ጋር እያወሩ ነው።

ውድነሽ፦ ጥሩ፤ ሲጮህ እንሰማዋለን።

አምባዬ፦ ይሁን። ይኸው ደወልኩ።

ውድነሽ፦ ድምፁን ከፍ አድርገው።

አምባዬ፦ «ማግኘት አይችሉም» ይላል።

ውድነሽ፦ ምክትሏ ጋ።

አምባዬ፦ የሷም ዝግ ነው።

ውድነሽ፦ የድንኳን ኃላፊው ጋ ደውል።

አምባዬ፦ ይጠራል! ይኸው፣ ይጠራል! አላልኩዎትም? ሃሎ፣ ጋሽ በላቸው… ማን ልበል?… እህ… እሺ እናቴ፣ ይቅርታ። የእህታቸው ልጅ ናት። ሲሙን ሰጥተዋት ነቀምት ይዛው ሄዳለች።

ውድነሽ፦ ሰላም በልልኝ። በሚቀጥለው ቀብር ድንኳኑን ይዛ ትምጣ።

አምባዬ፦ እባክዎ፣ ሰው እያየን ነው።

ውድነሽ፦ ይዩን። አሁን ለራስህ ደውል።

አምባዬ፦ እኔ እዚሁ ነኝ፤ ለምን እደውላለሁ?

ውድነሽ፦ ሊቀመንበሩም እዚሁ ነበሩ። ደውል።

አምባዬ፦ አያስፈልግም።

ውድነሽ፦ ለምን?

አምባዬ፦ አውጥቼዋለሁ።

ውድነሽ፦ መቼ?

አምባዬ፦ ሰኔ ላይ። ስልኬ ሁለት ሲም ይይዛል፤ አንደኛው ቤተሰብ የሚያገኘኝ ነው። በሁለተኛው ቦታ አድማስን አስገባሁ፤ ኢንተርኔቱ ይረክሳል፣ ለማስተርሴ ብዙ ነገር አወርዳለሁ። መልእክቱን የምልከው እኔ ነኝ፣ እኔው መልሼ ባልቀበለው ምን ይጎድላል ብዬ ነው። አንድ ሰው ነው አልኩ።

ውድነሽ፦ ሁሉም እንደዚያው አለ። አየህ? ክፋት ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ለክፋት መልስ አላጣም።

አምባዬ፦ እትዬ ውድነሽ…

ውድነሽ፦ «እትዬ» አትበለኝ! ዛሬ ደግሞ ይህንኑ ውል ለአንድ ዓመት ልታሳድስ ነው የቆምከው። አጀንዳው ላይ አለ።

አምባዬ፦ ማሳደስ ብቻ አይደለም፣ ምርጫ አለ። ግቢው ውስጥ ሁለት የኩባንያ ጃንጥላ አላዩም? አድማስም መጥቷል። የሱ ጥቅል መልእክቱ ያንሳል፣ ግን የሦስት መቶ ደቂቃ ጥሪ አለው። እርስዎም የዚያው ደንበኛ ነዎት፤ ወደ አድማስ እንዙር ብዬ ሐሳብ ላቅርብ፣ ቅሬታዎን የሚያበርድ ከሆነ።

ውድነሽ፦ አቅርብ። ሰው ያንንም ይወስድልሃል፤ የስኳር ጣሳው ገና አልሞላም።

አምባዬ፦ ታዲያ ምን ላድርግ? ይንገሩኝ! ሪፖርቱን አርማለሁ። «በዕለቱ በተፈጠረ የኔትወርክ ችግር መልእክቱ አልደረሰም» እላለሁ። ሁሉም ያምናል፣ ማንም አይነካም። የእማማ አትጠገብም ስም ይጸዳል።

ውድነሽ፦ ንስር ምን በደለህ? እነሱ የተባሉትን ልከዋል።

አምባዬ፦ ኩባንያ እኮ ነው፣ አይከፋውም።

ውድነሽ፦ ሰው ግን አያምነውም። ዛሬ «የኔትወርክ ችግር» ብለህ ታነባለህ፣ እያንዳንዱ የራሱን ሲም የት እንዳስቀመጠ ያውቃል። ሌላው ግን ሰምቶ እንደቀረ ያስባል። ነገ ቡና ቤት ቁጭ ብለው «እኔስ አልሰማሁም፣ እነ እከሌ ግን አውቀው ነው የቀሩት፣ ሴትየዋን አይወዷትም ነበር» ይባባላሉ። የእናቴ ስም የሚጸዳው እንደዚህ ነው?

አምባዬ፦ እውነቱን ልናገር ካልኩ ሁለት መቶ ሰው በአደባባይ ማሳፈር ነው። «ሲሜን ጣልክ፣ ሲሜን ደበቅሽ» እያልኩ? እነዚህ እኮ ያሳደጉኝ ሰዎች ናቸው። ለእርስዎም ቢሆን፣ በየቤታቸው ገብተው ሰልለው እንደነገሩኝ ሲያውቁ ቂሙ አይለቅዎትም። ይህን አስበውታል?

ውድነሽ፦ የእነሱን ማን ንገር አለህ? የራስህን ተናገር። ሌላው የራሱን ያውቃል።

አምባዬ፦ የራሴን ከተናገርኩ በዚህ ሰፈር ማን ነው ዳግመኛ የሚሰማኝ? ሦስት ዓመት ሙሉ ያለ አንድ ሳንቲም ክፍያ የለፋሁበት ነው። መዝገቡን በእጄ ገልብጫለሁ፣ የአባላቱን ስም ሁሉ…

ውድነሽ፦ ልፋትህን ማንም አልካደም። ለዚያ ብለው አይደል ሲሙን የወሰዱልህ?

አምባዬ፦ ጸሐፊነቱን እለቃለሁ፤ ይበቃዎታል?

ውድነሽ፦ መልቀቅህ ለእኔ ምን ያደርግልኛል? አንዲት ሐረግ ነው የምፈልገው። እናቴን ሰው አልጠላትም። እሱን በለኝ፣ ሁሉም እየሰማ። ካላልከው ስሜን ከዚህ እድር ዛሬውኑ አውጣው፤ ከነእናቴ ስም።

አምባዬ፦ ወጥተውስ? ማን ይቀብርዎታል?

ውድነሽ፦ ሁለት የኮብልስቶን ሠራተኞች አውቃለሁ።

አምባዬ፦ ጋሽ ዘውገ በእጃቸው እየጠሩኝ ነው። ሰዎቹ ተቀምጠዋል።

ውድነሽ፦ አያለሁ።

አምባዬ፦ ይቀመጡ። የተወሰነ ነገር እላለሁ፤ አስቤበት፣ ሰውን በማያስቀይም መንገድ…

ውድነሽ፦ አልቀመጥም። አላምንህም። እዚሁ ቆሜ እሰማሃለሁ።

አምባዬ፦ እንደምን አደራችሁ፣ የተከበራችሁ እድርተኞች። በእጄ የያዝኩትን ሪፖርት አላነበውም፤ ስህተት ነው። በእማማ አትጠገብ ቀብር ዕለት አልቀራችሁም፤ አልተጠራችሁም። እኔ መልእክቱን ስልክ ውስጥ ወዳልገባ ሲም ላክሁ፣ መድረሱን ሳላጣራ «ደርሷል» ብዬ ጻፍኩ። የእኔም ሲም ከሰኔ ጀምሮ ከስልኬ ወጥቷል፤ የሌላውን ማንንም አልጠይቅም። እናም የንስርንም የአድማስንም ውል ዛሬ አልፈርምም። እያንዳንዳችሁ እዚህ ጠረጴዛ ድረስ መጥታችሁ፣ የየትኛውም ኩባንያ ይሁን፣ ስትጠሩ በእርግጥ የምታነሱበትን ቁጥር ታስመዘግባላችሁ። ከዛሬ ጀምሮ ሰው ሲያርፍ ለእያንዳንዳችሁ እኔ ራሴ እደውላለሁ፤ ድምፁን ያልሰማሁት ሰው ካለ ቤቱ ድረስ እሄዳለሁ።